ጭንቀቱ ከእኛ ነው ወይስ ከኪኒኑ?

(መራዊ ላይ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ያልተገኙ አባላት ስለጠየቁ እንደተነገረ ታትሟል።)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው አራት ሴቶች ነን። የምታነበው አንዷ ብትሆንም ቃሉ የአራታችን ነው፤ ቡና አፍልተን፣ ተከራክረን፣ የተስማማንበትን ነው ይዘን የመጣነው። አራታችንም አንገታችን ላይ ጠባሳ አለን። ሦስታችን ማተብ እናስራለን፤ ማተቡ የሚያርፈው ልክ ጠባሳው ላይ ነው። አራተኛዋ እህታችን በሒጃቧ ትሸፍነዋለች። ለቀዶ ጥገና ስንገባ ማተባችን ተፈትቶ ለአስታማሚ ተሰጠ። ከወጣን በኋላ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ባዶ አንገታችንን በነጠላ ሸፍነን ሰነበትን። ያን ጊዜ ጎረቤት የጠየቀን «ዳናችሁ?» ብሎ ነው። እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጣልን» አልን። ሥራው ገና እየጀመረ መሆኑን ማንም አላወቀም፤ እኛም አላወቅንም።

የምንነግራችሁ ስለዚያ ሥራ ነው። ሐኪሞች አይደለንም። የኪኒን መጠን ከሐኪም እንጂ ከእኛ አትውሰዱ። እኛ ልንሰጣችሁ የምንችለው ተሳስተን የተማርነውን ነው።

እንቅርት ነው ብለን

እንቅርት ለጎጃም ሴት እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ነበራቸው፣ አያቶቻችንም ነበራቸው። አያቶቻችን አንገት ላይ የምናየው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርቱን ያስታግሳል ተብሎም ይነቀሱት ነበር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል እንኳ እንቅርቱን አብሮን እንደሚኖር ነገር ቆጥረን፣ የምናዝነው ለተጨመረው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የታተመ፣ በአገራችን ክልሎች የተሠራ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ከመቶ 35.8ቱ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከሦስት ሴት አንዷ ማለት ነው። እንዲህ የበዛ ነገር ማንን ያስደነግጣል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ስሙን፤ አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። እንቅርት ያለባት ሁሉ ዛሬ ከዚህ ተነሥታ እንቅልፍ እንድታጣ አንፈልግም። ነገር ግን በአጭር ጊዜ ካደገ፣ ሲነኩት ጠጠር ካለ፣ ድምፅ ካጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም በአንገት ጎን ሌላ እብጠት ካስከተለ መታየት አለበት። ከእኛ አንዷ እንቅርቷን ስምንት ዓመት ተሸክማዋለች። ድምፅዋ ሲጎረንን ብርድ ነው አለች። ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዳት ሕመሙ አልነበረም። ልጇ በስልክ ሲያነጋግራት «ማን ልበል?» ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለሁላችንም ተመሳሳይ ነበር። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር፣ አልትራሳውንድ፣ በመርፌ ናሙና፣ ወረፋ፣ ቀዶ ጥገና። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ መሆናቸው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ከቋራና ከጃዊ የሚመጡትን ስናይ አመስግነናል። ሁለታችን ካንሰር መሆኑን ያወቅነው ዕጢው ወጥቶ ከተመረመረ በኋላ ነው። የታይሮይድ ካንሰር ከአንድ በላይ ዓይነት አለው። ፓፒላሪና ፎሊኩላር የሚባሉት የተለመዱት በጊዜ ከተደረሰባቸው በአብዛኛው የሚድኑ ናቸው። የእኛ ከእነዚህ ነው። አንዳንዶቹ ዓይነቶች ግን ከባድ ናቸውና እያንዳንዷ የራሷን ዓይነት ስም ጠይቃ በደብተሯ ታጽፍ።

የውኃ አባትና የገበሬው ጩኸት

ዕጢው ከወጣ በኋላ በየቀኑ የምንውጠው ኪኒን ሌቮታይሮክሲን ይባላል። ለምን እንደምንውጠው በደንብ የገባን ዘግይተን ነው። አሁን ለአዲስ ሴት ስናስረዳ የምንጠቀምበትን ምሳሌ እንንገራችሁ።

የቆጋን መስኖ የማያውቅ እዚህ የለም። ቦዩ ግርጌ ያለው ገበሬ ውኃ ሲያንሰው ወደ ላይ ይጮኻል፤ የውኃ አባቱም ይከፍትለታል። ውኃው ሲበቃው ዝም ይላል። በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ውኃው የታይሮይድ ሆርሞን ነው፤ ልብን፣ አንጀትን፣ ቆዳን፣ እንቅልፍን፣ ሐሳብን ሁሉ ያጠጣል። የውኃ አባቱ አንገታችን ላይ የነበረው ዕጢ ነው። ጩኸቱ ደግሞ ከአንጎል ሥር ካለች ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ይመጣል፤ ስሙ ቲ.ኤስ.ኤች ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ሆርሞኑ ሲበቃ ጩኸቱ ይቀንሳል። የእኛ የውኃ አባት ወጥቷል። ስለዚህ በየማለዳው ውኃውን በእንስራ የምናመጣው እኛው ነን።

ካንሰር ለነበረበት ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጩኸቱን የሚሰማው ጤነኛው ዕጢ ብቻ አይደለም፤ ቀርቶ የተደበቀ የካንሰር ሕዋስ ካለ እሱም ይሰማል፣ ሊነሣም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ለአንዳንዶቻችን ኪኒኑን ከፍ አድርጎ ጩኸቱን ሆን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። የጤነኛ ሰው ቲ.ኤስ.ኤች በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 ባለው ውስጥ ነው። የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ለሆነባት ሴት ከ0.1 በታች፣ መካከለኛ ለሆነባት ከ0.1 እስከ 0.5፣ ዝቅተኛ ለሆነባት ከ0.5 እስከ 2 እንዲሆን በብዙ አገር ሐኪሞች ይመክራሉ። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ቁጥሬ ስንት ነው?» ብቻ አይሁን። «ለእኔ የታሰበው ስንት ነው?» በሉ።

ይህን ባለማወቃችን የደረሰብንን እንንገራችሁ።

የሁለት ሴቶች ነገር

የመጀመሪያዋ የምርመራ ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ ቲ.ኤስ.ኤች 0.08 ይላል፤ ጎኑ ላይ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት አለ። ወረቀቱን የሰጣት ሰው «ከመደበኛው ወርዷል» አላት እንጂ ሌላ አላብራራም። እሷም «ሆርሞኔ አንሷል» ብላ ቤቷ ገብታ በራሷ አንድ ኪኒን የነበረውን አንድ ተኩል አደረገችው። ጩኸቱ መቀነሱን የውኃ ማነስ አድርጋ ነው የተረጎመችው። ነገሩ ግን ግልባጩ ነበር፤ ውኃው ሞልቶ ነው ገበሬው ዝም ያለው።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ልቧ ሌሊት ሌሊት ይደልቅ ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ቡና ስትቀዳ ሲኒው ይንኳኳል። ያልባታል፣ ትከሳለች፣ በልጆቿ ላይ ትቆጣለች። ሌሊት ተነሥታ አንገቷን ትዳስሳለች። «ተመልሶብኛል» አለች። ለልጆቿ አደራ የምትሰጠውን ሰው እስከ መምረጥ ደረሰች። በመጨረሻ ስትመረመር ካንሰሩ አልተመለሰም፤ ትርፍ የሆነው ሆርሞን ነው። መጠኑ ተስተካክሎ ሁለት ወር ሳይሞላ ልቧ አረፈ።

ሁለተኛዋ በተቃራኒው ነው። መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ኪኒኗ አለቀ። መድኃኒት ቤት ስትጠይቅ «የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት» አሏት፤ የሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም፤ ስለዚህ «እንግዲያው ያለ እሱም ይቻላል» አለች። ይህ ኪኒን በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ መቅረቱ ቶሎ አይታወቅም። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ሳምንት ግን ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ወፈረ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደረበች፣ ሆዷ ደረቀ። ሰው ሲያናግራት መልሱ ዘግይቶ ይመጣል። ጎረቤት «ተስፋ ቆርጣለች» አለ፤ እሷም አመነች። ስታለቅስ ውላ ለምን እንደምታለቅስ አታውቅም ነበር። ኪኒኑ ተገኝቶ ከጀመረች በኋላ ቀስ እያለ እንደ ጉም ገፈፈላት።

ለዚህ ነው የንግግራችንን ርእስ ጥያቄ ያደረግነው። ሆርሞን ሲበዛ ፍርሃት ይመስላል፤ ሲያንስ ሐዘን ይመስላል። ሴት ልጅ ደግሞ ስትፈራና ስታዝን ሰው ሁሉ ምክንያቱን በነፍሷ ውስጥ ይፈልጋል። «አትጨነቂ፣ ጠንከር በይ» ይሏታል። የጎደለው ግን ጥንካሬ ሳይሆን መጠን ሊሆን ይችላል። እኛ የደረስንበት ደንብ ይህ ነው፤ ጭንቀቱ አዲስ ከሆነ፣ ከልብ ምት፣ ከላብ፣ ከክሳት፣ ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ከመጣ፣ ወይም ሐዘኑ ከብርድ፣ ከእብጠት፣ ከድካም ጋር ከመጣ፣ መጀመሪያ ደም እንመረመራለን። መጠኑ ልክ ሆኖ ጭንቀቱ ካለ ያን ጊዜ ጭንቀቱን ራሱን እናክማለን። እሱም ሕክምና አለው፤ ነውርም አይደለም።

ኪኒን ለረጅም ጊዜ አቋርጣ የምትደነዝዝ፣ የምትቀዘቅዝ፣ የምትቀባዥር ወይም አልነቃ የምትል ሴት ካያችሁ ግን ምርመራ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

በበጉ ዕጢ የኖረችው ሴት

አንዳንዶቻችሁ «ዕድሜ ልክ ኪኒን» ስትሰሙ ፊታችሁ ሲጠቁር እናያለን። የእኛም ጠቁሮ ነበር። ያጽናናንን አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

ስዊዘርላንዳዊው የቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር እንቅርትን በማውጣት የተካነ ሰው ነበር፤ በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በታይሮይድ ሥራው ነው። ነገር ግን እሱ ራሱ በ1883 ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሕሙማን እያበጡና እየደነዘዙ መሄዳቸውን አይቶ ለሙያ ባልደረቦቹ ተናገረ። ያኔ የሚተካ ነገር አልነበረም። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የበግ ታይሮይድ ዕጢ ጨምቆ፣ በዕጢዋ ድካም ሰውነቷ ላበጠ የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት። ተሻላት። በኋላም በአፍ እየወሰደች 28 ዓመት ኖራ በ74 ዓመቷ አረፈች። ሌላው ሁሉ፣ ንጥረ ነገሩ በ1914 ተለይቶ መውጣቱም ሆነ በኋላ በፋብሪካ መሠራቱ፣ ከእሷ በኋላ የመጣ ነው። ያቺ ሴት በበግ ዕጢ 28 ዓመት ከኖረች፣ እኛ በተለካ ኪኒን ለምን አንኖርም? ቅር ሲለን የምናስታውሳት እሷን ነው።

ማለዳው

አሁን ወደ ቤት ሥራው እንግባ። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ከምግብና ከቡና በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። ለእኛ ከባዱ ቡናው ነው። ቡና ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። እኛ የተስማማንበት ዘዴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ስንነሣ ኪኒኑን ውጠን፣ ከዚያ እሳት ማያያዝ፣ ቤት መጥረግ፣ ከብት ማውጣት ነው። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ሰዓቱ ይሞላል። እንዲያውም የጀበና ቡና ጊዜ መውሰዱ ለእኛ ሆነልን።

ጾም ለሚጾሙ፤ ከሁላችን በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። እኛ የጠየቅናቸው መድኃኒት በውኃ መዋጥ ለታመመ ሰው እንደሚፈቀድ ነግረውናል። በረመዳን እህታችን ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ወደ ማታ አዛወረችው። ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መውሰድም ይሠራል። ዋናው ነገር በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መውሰዱ ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ አንድ ቀን ከምሳ ጋር ከሆነ ምርመራው ምንም አይነግረንም።

ካልሲየምና ብረት ያለባቸው ኪኒኖች ከሌቮታይሮክሲን በአራት ሰዓት ይራቁ። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ብዙዎቻችን ካልሲየም ታዞልናል። ከታይሮይዱ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች አሉ፤ የደም ካልሲየም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በቀዶ ጥገና ሲነኩ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ይደክማሉ። ከንፈር ዙሪያና ጣት ጫፍ ሲደነዝዝ፣ እንደ ጉንዳን ሲወር፣ እጅ ሲኮማተር ካልሲየም ወርዷል ማለት ነውና ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። ይህንም አንዷ ጭንቀት ነው ተብላ ቤት ተቀምጣለች። በሜጫ የምናበቅለው ዳጉሳ ካልሲየም የበዛበት እህል ነው፤ ብሉት፣ ግን የታዘዘላችሁን ካልሲየም አይተካም።

እህታችን አራተኛዋ ሁለቱን ኪኒኖች «እንዳልረሳ» ብላ አንድ ላይ ትውጥ ነበር። ሐኪሙ መጠኑን ሦስት ጊዜ ከፍ አደረገላት፤ ጩኸቱ ግን አልወረደም። ሦስተኛው ላይ አንዲት ነርስ «እንዴት ነው የምትወስጂው?» ብላ ጠየቀቻት። መልሱ የነበረው እዚያ ነው።

ጥቂት ሌሎች ነገሮች፤ ኪኒኑን ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁ፤ በመጀመሪያው ማሸጊያው ይቀመጥ። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም፤ ስለዚህ በቆርቆሮው ሥር ከሚገኘው መደርደሪያ ይልቅ ወለል አጠገብ ያለ ጥላ ቦታ ይሻላል። አንድ ቀን ከረሳችሁ በዚያው ቀን ስታስታውሱ ውሰዱ፤ ሐኪም ካላለ በቀር ግን ሁለት አትደርቡ። ቁጥሩ በማይክሮግራም መሆኑን እዩ፤ 25፣ 50፣ 100 የሚሉ አሉ፤ ማሸጊያው ከተለወጠ ቁጥሩን አንብቡ፣ ወይም ልጅ አስነብቡ። የፋብሪካው ዓይነት ከተለወጠ ለሐኪሙ ንገሩት። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን የሚባል ኪኒን የምትወስዱ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙት፤ ውጤቱን ያዛባል። «ጎመን አትብሉ» የሚለውን ደግሞ ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ የወጣላት ሴት አትፍራው፤ ጎመን የሚያውከው ዕጢውን ነው፣ ዕጢው ደግሞ የለም።

ለወጣቶቹ ደግሞ፤ እርግዝና ስትጠረጥሩ በዚያው ሳምንት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው፤ መጠኑም ከፍ ማለት ይፈልጋል። ኪኒኑን ለፅንሱ ፈርታ ያቆመች ሴት ፅንሱን ነው የጎዳችው።

የምርመራው ሳምንት

መጠን ከተለወጠ በኋላ ቲ.ኤስ.ኤች የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ቀድሞ የተለካ ያሳስታል። ከተረጋጋ በኋላ ግን በየስድስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ሐኪሙ ኪኒኑን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ያን ጊዜ «ረሱኝ» አትበሉ። ሆርሞን ለብዙ ዓመት ትርፍ ሆኖ ከቆየ ልብን ያዛባል፣ የወር አበባ ያቆመችን ሴት አጥንትም ያሳሳል። ዝቅ ማድረግ መልካም ዜና ነው።

የሚያስፈራው ግን ቲ.ኤስ.ኤች አይደለም፤ የአንገት አልትራሳውንድና ታይሮግሎቡሊን የሚባለው ምርመራ ነው። ተመልሶ እንደሆነ የሚታየው በእነዚያ ነውና። ከቀጠሮው በፊት ያለውን ሳምንት እኛ «የሕማማት ሳምንት» ብለን ሰይመነዋል። እንጀራ ይቃጠልብናል፤ ሒሳብ ይጠፋብናል፤ ባል «ምን ሆነሻል?» ሲል እንቆጣለን። ኪኒኑ ልክ ቢሆንም ይህ ፍርሃት አለ። ይኼ ከእኛው ነው፤ ከኪኒኑ አይደለም።

ከእኛ አንዷ በዚህ ፍርሃት ምክንያት ለ14 ወር ምርመራ አልሄደችም። ኪኒኗን አላቋረጠችም፤ ማኅበር አልቀረችም፤ ስንጠይቃት «ሄጃለሁ፣ ደህና ነው» ትለን ነበር። ዋሸችን። ዛሬ ይህን እንድናነብ የፈቀደችው እሷ ናት፤ «ከመካከላቸው እንደ እኔ የምትዋሽ ትኖራለች» ብላ ነው። የተረዳነው አንድ ነገር ነው፤ ብቻዋን ሄዳ፣ ወረቀቱን ብቻዋን ተቀብላ፣ ብቻዋን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ መመለሱን ነው ያልቻለችው። እኛም «ውጤትሽ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብለን አልጠየቅናትም ነበር።

ባለፈው ዓመት ሁለታችን ይዘናት ሄድን። ውጤቱ ንጹሕ ነው ብለን ብንነግራችሁ ደስ ባለን። በአንገቷ ጎን አንዲት ትንሽ ዕጢ ታይታለች፤ ሐኪሞቹ እየተከታተሏት ነው። እሷ ግን ያለችውን ልንገራችሁ፤ «ሳላውቅ የፈራሁት አውቄ ከምፈራው ይበልጥ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ትተኛለች። ሁልጊዜ አይደለም። ግን ትተኛለች።

ከዚህ ተነሥተን የምናደርጋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ማንም ሴት ለውጤት ብቻዋን አትሄድም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ደብተር አለን፤ ቀኑ፣ የኪኒኑ መጠን፣ ቲ.ኤስ.ኤች ስንት እንደሆነና ስንት እንዲሆን እንደታሰበ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይጻፍበታል። ማንበብ የማትችለውን ልጅ ወይም ጎረቤት ይጽፍላታል። ሦስተኛ፣ ኪኒን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሌሎቻችን ይነገራል፤ አለቀ ከተባለ በኋላ አይደለም።

ለልጆቻችን፣ ጨው

ብዙው እንቅርት የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት ነው። ደጋው መሬት በዝናብ ታጥቦ አዮዲን የለውም፤ መድኃኒቱ ጨው ነው። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ የአሰብ ጨው ሲቀር ያለ አዮዲን ጨው ገበያውን ሞላው። በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ያህል ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት በ89ኙ ተገኘ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) ታላቅ ለውጥ ነው። ይህ የእኛን ካንሰር አያስቀርም፤ የልጆቻችንን እንቅርት ግን ይቀንሳል። ጨውን በክዳን ክደኑ፣ ወጥ ሊወርድ ሲል ጨምሩ፤ አዮዲኑ በሙቀትና በአየር ይጠፋል።

የምንጠይቃችሁ

አባላት ሆይ፣ በየወሩ ከምናዋጣው ላይ ትንሽ ተነሥቶ ለሁለት ነገር ብቻ የሚሆን ሣጥን እንዲከፈት እንጠይቃለን። አንዱ የአስታማሚ መሳፈሪያ ነው። የጤና መድን ያላት ሴት ብዙ ነገር ይቃለልላታል፤ አብራት የምትሄደውን ሴት ግን የሚያሳፍር መድን የለም። ሌላው ለእያንዳንዷ የአንድ ወር መጠባበቂያ ኪኒን ነው፤ በሐኪም ማዘዣ ተገዝቶ፣ በስሟ ተጽፎ፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም መድኃኒት ቤት ሲያጣ የሚወጣ። ኪኒን ከአንዷ ወደ አንዷ አንዋዋስም፤ መጠናችን ይለያያልና።

የማኅበራችን ደጋፊዎች ሆይ፣ ከእናንተ የምንሻው ትልቅ ነገር አይደለም። ለቀዶ ጥገና የሚረዳ ሰው አናጣም፤ ቁስል ሲታይ ሁሉም ያዝናል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ባሉት 10 እና 20 ዓመታት ውስጥ ያለውን ማለዳ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ያንን አስታውሱልን።

እህቶች ሆይ፣ ከመካከላችሁ በዚህ ወር ቀጠሮ ያለባት ካለች ስብሰባው ሲያበቃ አትሂድ። እኛ ከበሩ አጠገብ እንቀመጣለን። «ውጤትሽ እንዴት ነው?» አንልም። «መቼ ነው የምንሄደው?» ነው የምንላት።